ግድግዳ የሌለው የሞተር ቤት

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ድንች ስልጥ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው። ቆይቶ ነገሩ ገባኝ። የሚሠራበት ድርጅት አዲስ የከሰል ኃይል ልማት ስትራቴጂ አውጥቶ፣ ሥራውን እንዲመራ እሱን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ መድቦታል። «አክስቴ፣ ደስ አይልሽም?» አለኝ። ደስ እንዳለኝ ነገርኩት፤ መረቅኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቢላዋው በእጄ እንዳለ ድንቹን ረስቼው ብዙ ቆየሁ። ስሙ ከዚሁ እምብዛም የማይለይ ሥራ እንድመራ እኔም በወጣትነቴ ተመድቤ ነበር። የሱ ከሰል ከመሬት የሚቆፈረው የድንጋይ ከሰል ነው፤ የኔ ግን ከዛፍ የተከሰለ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ፣ እንጅባራ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የዱቄት ወፍጮዎችን የምከታተል ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ከተማዋን ሽማግሌዎቹ ዛሬም ድረስ ቆሰበር ነው የሚሏት። ከዳንግላ ሩቅ አይደለችም፤ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከቀርከሃው ውስጥ እየወጣ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ከፊት ያለው ጋሪ የሚታወቀው በፈረሱ ቃጭል ነው። በዚያ ጉም ውስጥ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሴቶች የሚሸጡትን ትኩስ ቅቅል ድንች፣ በሚጥሚጣ እየነከሩ፣ ጣት እየተቃጠለ መብላት ምን እንደሚመስል ያልቀመሰው ሰው አይገባውም። ዛሬም ድንች ስልጥ የሚታወሰኝ እሱ ነው።

የዚያ አገር ገበሬ መሬቱ ደክሞ ገብሱም ድንቹም እምቢ ሲለው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለበት። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ሲደርስ ይቆረጥና ይከሰላል፤ ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በየመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያ ለመንገደኛ የሀብት ምልክት ይመስላል። ሆኖም ዛፉን የተከለው፣ የቆረጠውና ያከሰለው ሰው ማታ የሚቀመጠው በኩራዝ ነበር። ሚስቱም እህል ለማስፈጨት ተሸክማ ከተማ ድረስ ትወርድ ነበር። ወረፋው ከረዘመባት ደግሞ ዘመድ ቤት አድራ ነው የምትመለሰው።

ዩኒየኑ ያወጣው ዕቅድ ይህንን ለመለወጥ ነበር። ስሙ በወረቀት ላይ ረጅም ነው፤ «የከሰል ኃይል ልማት ስትራቴጂ» ከሚለው በኋላ ሌላም ብዙ ነገር ነበረው። ገበሬዎቹ «የከሰሉ መብራት» ብለው አሳጠሩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሰሉ ዙሪያውን በተዘጋ ትልቅ በርሜል ውስጥ ትንሽ አየር ብቻ እያገኘ ይነድዳል፤ ከሱ የሚወጣው ጋዝ ተጣርቶና ቀዝቅዞ በናፍጣ ፋንታ ሞተር ያስነሣል። ሞተሩ ቀን ወፍጮ ይፈጫል፤ ሲመሽ ለጤና ኬላውና ለትምህርት ቤቱ መብራት ይሰጣል። የመጀመሪያው ማሽን የሚተከለው ከእንጅባራ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ ሆነ። እዚያ ከሠራ ወደ ሌሎቹ ይስፋፋል፤ ካልሠራ ዕቅዱ ከወረቀቱ ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሥራውን እንዲመራ መጀመሪያ የተቀጠረው ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነበር። የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ቢያማክሩን ኖሮ በጥቅምት ይምጣ እንላቸው ነበር። ዝናቡንና ጭቃውን አይቶ፣ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ትንሽ ሰነበተና፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳይሰናበተን በሚኒባስ ሄደ። አልፈርድበትም፤ ብርድ የጀግና ልብ ይሰብራል። የዩኒየኑ ቦርድም በዚህ ተናድዶ «ከውስጣችን ሰው እንመድብ» አለ።

የታጨነው ሦስት ነበርን። ሁለቱ በዕድሜም በሥራ ዘመንም የሚበልጡኝ ወንዶች ናቸው። የኔን ስም ያስገባው የዩኒየኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌትነት ነው፤ ይመስለኛል ለማሟያ ነበር። የቦርዱ ሊቀመንበር አያ አንማው የሚባሉ ቀጭን ገበሬ ነበሩ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ስለሚቀመጡ፣ የሚናገሩት እሳቸው መሆናቸው የሚታወቀው ሁሉም ሰው ዝም ሲል ነው። ተራዬ ደርሶ ስገባ ስለ ትምህርቴም ስለ ማሽኑም አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ ይህ ሥራ ቢከሽፍ በማን ታመካኛለሽ?» አሉኝ።

ጥያቄው አስደነገጠኝ። ከመደንገጤ የተነሣ ያልተዘጋጀሁበትን መልስ መለስኩ። «ሥራ አስኪያጅ ካላችሁኝማ በራሴ ነው እንጂ፣ በማን አመካኛለሁ?»

አያ አንማው ወደ ጓዶቻቸው ዞረው በአገሩ ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ አንድ ነገር አሉ፤ ሁሉም ሳቁ። የገበያ አዊኛ እችላለሁ፤ የሽማግሌ አዊኛ ግን ያመልጠኛል። የሳቁብኝ መስሎኝ ፊቴ ጋለ። «የዚችን ወላጅ እግዜር አያሳፍረው» ማለታቸው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። በማግስቱ የምደባ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ።

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ቤት ሄጄ ስነግረው የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመና ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ሥራ አስኪያጅ? በስንት ሰው ላይ ነው የሾሙሽ?»

«በአንድ መካኒክና በአንድ ሞተር ላይ።»

«እሱም ሹመት ነው» አለና መርገጡን ቀጠለ። እሑድ ጸሎት ቤት ስንሄድ ግን በር ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ልጄ ይታይሽ ቆሰበር ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆናለች» ሲል ሰማሁት። ሰኞ ስመለስ ከወፍራም ሱፍ የሰፋውን ካፖርት አልብሶ ሸኘኝ።

ቀበሌው የደረስኩት መስከረም ውስጥ ነው፤ አደይ አበባው ከአጥር አጥር ተዘርግቶ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በፈረስ ጋሪ ነው የሚገባው። ለአቀባበል የወጡት ሰዎች ሰላም ካሉኝ በኋላ ዓይናቸው ከኔ ጀርባ ይፈልግ ጀመር። በመጨረሻ አንዱ «ሥራ አስኪያጁስ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። አብሮኝ የመጣው የጫግኒው መካኒክ ዳኛቸው በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። ቀድመው የተናገሩት አያ ፈንቴ ናቸው። በአካባቢው የሚከበሩ፣ ለነገርም ለእርቅም የሚፈለጉ ትልቅ ሰው ነበሩ። «ሥራ አስኪያጅም ይበርደዋል፤ ወደ ቤት እናግባት» አሉ። በዚያው ማረፊያዬ የሳቸው ቤት ሆነ።

እዚያ ቤት እንደ እንግዳ ገብቼ እንደ ልጅ ነው የኖርኩት። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ የጴንጤ ቤት ልጅ መሆኔን ሲሰሙ በመጀመሪያው ረቡዕ ለኔ ብቻ ወተት አፍልተው አቀረቡልኝ፤ «አንቺ አትጾሚ፤ ብርድ ላይ ነሽ» ብለው። ቤቱ ሁሉ ሽሮ እየበላ እኔ ወተት ልጠጣ አልሆነልኝም። «ከናንተ ጋር እበላለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ግን በሶዬ ላይ የሚጨመረው ማር በዛ።

የማሽኑን ቦታ መረጥን፤ መሠረት ተጣለ፤ በርሜሉ፣ ማጣሪያው፣ ሞተሩ አንድ በአንድ በጋሪ መጣ። ከላይ ቆርቆሮ ያለው፣ በወፍራም እንጨት ምሰሶ ብቻ የቆመ፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ዳስ አሠራሁለት። ምክንያት ነበረኝ። ያ ጋዝ ገዳይ ነው። ቱቦው በአንድ መጋጠሚያ በኩል ትንሽ ካፈተለከ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሳያውቀው ይሞታል። ዳኛቸውን በዚህ ነገር ስለምጨቀጭቀው «እሺ፣ እሺ፣ ንፋስ ይግባ!» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቆላ ወዳለችው ከተማው ጫግኒ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ማንጎ ያመጣልኛል፤ ስለ ቆሰበር ብርድም አንድ አዲስ ስድብ ይዞ ይመጣል።

ጥር ደረሰ። ገብሱ ተወቅቷል፤ ፈረሱ ጠግቧል፤ ሰዉ ደስ ብሎታል። የምረቃው ቀን ተቆረጠ። ከዞንም ከክልልም እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እኔ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው ኃይል የሚያስተላልፈውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ለመግዛት ባሕር ዳር ሄጄ ዕቃው እስኪገኝ አሥር ቀን ቆየሁ፤ ዳኛቸውም ያን ሰሞን ጫግኒ ቤቱ ሄዶ ነበር። ሞተሩ እንዳይነካካ የማስነሻ ቁልፉን በኪሴ ይዤ ነበር። ስመለስ የምረቃው ዋዜማ ነው፤ ፀሐይ ገና መሐል ሰማይ ላይ ነበረች። ከጋሪው እንደወረድኩ ያየሁትን ማመን አቃተኝ።

ዳሱ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ከምሰሶ ምሰሶ ቀርከሃ ተማግሮ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ከላይ በነጭ አፈር ተለስኖ ያበራል። ወፍራም በር ከነቁልፉ ተገጥሞለታል። በበሩ ግራና ቀኝ ሴቶቹ በጣታቸው አበባ ስለውበታል። እንደዚያ ያማረ ጭቃ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አያ ፈንቴ በሩ ላይ ቆመው እንደ ሙሽራ አባት ፈገግ ብለዋል።

«ሌባ እንዳይነካብሽ፣ ውርጭ እንዳይመታብሽ ብለን ነው» አሉኝ። «ቀበሌው ሁሉ በደቦ ነው የወጣው። ጥሩ እጇ እስኪቆስል ለስናለች።»

ሰው በፍቅር የሠራልህን ነገር እንዴት አድርገህ አፍርሱት ትላለህ? እነዚያ ሰዎች የኔን ሥራ ሥራቸው አድርገውታል፤ የምመኘው ይህንኑ ነበር። ግን ወፍጮ ቤት ነው። ሴቶች ልጅ አዝለው ወረፋ የሚጠብቁበት ቤት ነው።

«አያ ፈንቴ» አልኩ፣ «ሞተሩ እዚህ ቤት ውስጥ አይነሣም። ግድግዳው መፍረስ አለበት።»

ፈገግታቸው ሲጠፋ አየሁ። የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። ለዝግጅቱ ቀድሞ የመጣው አቶ ጌትነት እጄን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ይታይሽ፣ ምን እያልሽ ነው? እንግዳ ነገ ጠዋት ይደርሳል። በሩን ከፍተን እናስነሣውና ግድግዳውን ከበዓሉ በኋላ ታፈርሺዋለሽ።»

«ከበዓሉ በኋላ የሚፈርስ ከሆነ ዛሬም ይፈርሳል።»

«ሕዝቡን ልታስቀይሚ ነው። እምቢ ካልሽ ሌላ ሥራ አስኪያጅ እመድባለሁ።»

«ይመድቡ» አልኩት። ቁልፉን አባቴ በሰፋልኝ ካፖርት ኪስ ውስጥ ጨበጥኩት። «ሌላ ሰው መጥቶ እስኪረከበኝ ድረስ ግን ቁልፉ ከኔ ጋር ነው። ሞተሩ አይነሣም።»

ወደ ሰዉ ተመለስኩ። አያ ፈንቴ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «እኛ ቤት ሠራንለት፤ አንቺ ሜዳ ላይ ልታሳድሪው ነው። ምን በደልንሽ ልጄ?» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ ስለ ጋዙ ለሁሉም አስረዳሁ። የከሰል እሳት በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያወጣ፣ የኛም ማሽን የሚሠራው በዚያው መርዝ መሆኑን በተቻለኝ ቀላል ቋንቋ ተናገርኩ። አማርኛው ለማይመቻቸው አንድ አስተማሪ በአዊኛ ተረጎመልኝ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ «ጭሱ ሲበዛ እንወጣለን እንጂ ዝም ብለን እንሞታለን?» አለ።

«ጭስ የለውም» አልኩ።

«ሽታስ?» አሉ አያ ፈንቴ። አጠያየቃቸው ከሌሎቹ ይለያል።

«ሽታም የለውም። ራስ ያማል፤ እንቅልፍ ይጫጫናል፤ ከዚያ ሰውየው አይነቃም።»

አያ ፈንቴ ጠጋ አሉኝ። «ፊቱ… ፊቱ ይቀላል?»

«አንዳንዴ ይቀላል። የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም።»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ጥሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ አያ ፈንቴ ለኔ ሳይሆን ለመሬቱ እንደሚናገሩ ሆነው ነገሩን። ብርቱካን የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻቸው። በነሐሴ ወለደች። ብርዱ እንዳይጎዳት ብለው በሩን ዘግተው፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወትፈው፣ ማንደጃ ሙሉ ከሰል አጠገቧ አስቀመጡላት። ጠዋት ሲገቡ እሷም ሕፃኑም ተኝተዋል። ጉንጫቸው ቀልቷል። ምች መታቸው ተባለ፤ የአያ ፈንቴ እናት የቀዘቀዘ ነገር አብልቻት ይሆን እያሉ ራሳቸውን ሲረግሙ ኖረው ሞቱ።

«ከሰሉን ያቀረብኩላት እኔ ነኝ» አሉ አያ ፈንቴ። «እንድትሞቅ ብዬ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «አያ ፈንቴ፣ ማንም አያውቅም ነበር» ብቻ አልኳቸው።

«አሁን አወቅን» አሉና ተነሡ። «ዶማ አምጡልኝ።»

የመጀመሪያውን ምት የመቱት እሳቸው ናቸው፤ ያ ነጭ ልስን ተሰንጥቆ ጭቃው ከነጭዱ ተንዶ ወረደ። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። «የለሰንኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አፈርሰዋለሁ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ጀመረው ማን ጨረሰው አላውቅም። ወንዱ በዶማና በመጥረቢያ፣ ሴቱ በእጅ፣ የጎረቤት ቀበሌ ሰው ጭምር መጥቶ ቀርከሃውን ነቀለ፤ ጋሪዎች ጭቃውን እየጫኑ ወሰዱ። በደቦ የሚዘፈነው ዘፈን ተነሣ፤ አንድ ጎረምሳ በአዊኛ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አቶ ጌትነት ትንሽ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ኮቱን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ቀርከሃ ይሸከም ጀመር። ይህንንም ስለሱ መናገር አለብኝ።

እንግዶቹ በማግስቱ ሲደርሱ የጠበቃቸው ዙሪያው ክፍት የሆነ ዳስና እጁ ጭቃ የነካው ሕዝብ ነው። አንዱ ባለሥልጣን «ቤቱ ገና አላለቀም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አያ ፈንቴ ቀበል አድርገው «አልቆ ነበር፤ ሥራ አስኪያጃችን አስተካከለችው» አሉት። ሥራ አስኪያጃችን። ከደብዳቤው ይልቅ የተሾምኩት በዚያ ቃል ነው።

ዳኛቸው በርሜሉን ለኮሰ። ጋዙ እስኪበረታ ጠበቅን። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ ከዚያ ያዘ። ወፍጮው ጮኸ። የመጀመሪያውን ገብስ ያፈሰሱት እትዬ ጥሩ ናቸው። ዱቄቱ ሞቅ ብሎ ሲወርድ እፍኝ ዘግነው ወደ ሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳዩ፤ እልልታው ፈረሶቹን አስደነበረ። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ደግሞ የጤና ኬላው አምፖል በራ። ብርሃኑ ገና ከቀኑ ብርሃን ጋር ይታገል ስለነበር፣ ሰዉ ግንባሩን በእጁ ጋርዶ በመስኮት ወደ ውስጥ እየተመለከተ ነው ያመነው። አያ አንማው ከሕዝቡ መካከል ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ሲስቁ ያን ቀን ብቻ አየኋቸው።

ማሽኑ ዋናው የመብራት መስመር እስኪመጣ ድረስ ሠራ፤ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ቀበሌዎችም ተተከለ። ሁሉንም ዙሪያቸውን ክፍት አድርገን ነው ያቆምናቸው። በኔ ዘመን በነዚያ ወፍጮዎች አንድም ሰው አልታመመብንም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ትልቅ የሚባል ወንበርም ደርሶኛል። አግብቼ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። አያ ፈንቴም እትዬ ጥሩም አርፈዋል፤ በሁለቱም ቀብር ላይ ከቤተ ዘመዱ ጋር ነው የቆምኩት።

ዘንድሮ በበጋ ለሰርግ ግምጃ ቤት ሄጄ ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ ለበሶ የሚሆን የተቆላ ገብስ ገዛሁና፣ ስመለስ በዚያች ቀበሌ በኩል ላስፈጨው ብዬ ገባሁ። የድሮው ማሽን ከተነሣ ቆይቷል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ሞተር የሚነሣ አዲስ ወፍጮ ቆሟል። የምትፈጨው ወጣት ናት፤ አታውቀኝም። ወፍጮው ያለበት አዲስ ቤት ጣሪያው ያማረ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳ ግን የለውም። ንፋሱ ዱቄቱን ፊቴ ላይ ሲነሰንሰው፣ «የኔ ልጅ፣ ይህን የመሰለ ቤት ሠርታችሁ ግድግዳ ለምን ነሳችሁት?» አልኳት።

እጇን ከዱቄቱ ሳታነሣ፣ «እዚህ አገር ሞተር ያለበት ቤት ግድግዳ አይደረግለትም፣ እማማ» አለችኝ። «ከጥንት የመጣ ልማድ ነው።»

ስሜን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ሰው ስሙ ተረስቶ ልማዱ ሲቀርለት ምን ይጎድልበታል? «ጥሩ ልማድ ነው፤ እንዳትተዉት» አልኳትና ዱቄቴን ተቀበልኩ። ወደ ጋሪው ስሄድ፣ ወገቧን የሚያማት ሴትዮ መሆኔን ለጊዜው ረስቼ፣ ቀና ብዬ ነበር የምራመደው።